መደርደሪያውን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፦ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ሥራው በዕቅድ ወረቀት ላይ አጭር ነው፦ በቤተ መጻሕፍታችን ያሉትን የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት ፎቶ ማንሣት፣ ምስሉን ወደ ጽሑፍ መለወጥ፣ ካታሎጉን ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር፣ ሕግ የሚፈቅደውን ለአንባቢ መክፈት። አለቆቻችን ያዩት ይህንን ወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው ሲያልቅ የንባብ አዳራሹ ለስብሰባ እንደሚውል ከወዲሁ ይወራል። ማስታወሻውን የምይዘው ወረቀቱ የዘለለውን ለመመዝገብ ነው። ሌላ ቤተ መጻሕፍት ተመሳሳይ ሥራ ሲጀምር ይጠቅመው ይሆናል። እ.ኤ.አ. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ይህን መናገር ለምን እንዳስፈለገ ጥር ላይ ይታያል።

የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ የካታሎግ ሠራተኛ ነኝ፤ ረዳቴ ኮምፒውተር ያጠና ወጣት ነው። ገና ሲመጣ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየና፣ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ከገባ በኋላ እርስዎ ምን ይሠራሉ?» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ብዙ ሰው በሆዱ የሚይዘውን በአፉ ተናገረ። አንድ መጽሐፍ አንሥቼ ሰጠሁትና፣ «የታተመበትን ዓመት ፈልግልኝ» አልኩት። ርእስ ገጹ ላይ ዓመት የለም። መቅድሙ የተፈረመበት ቀን አለ፤ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ ማተሚያ ቤቱ ከዚያ በሁለት ዓመት የሚዘገይ ዓመት አስቀምጧል። ሽፋኑ ላይ ያለው ሦስተኛ ዓመት ደራሲው የተወለደበት ሆኖ ተገኘ። ረዳቴ መጽሐፉን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ጥቅምት መጀመሪያ

ጠፍጣፋው ስካነር ለደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ለተጠረዘ መጽሐፍ ግን ጠላት ነው። መጽሐፉን ገልብጠው ሲጫኑት ጀርባው ይሰበራል፣ በመካከል ያለው ህዳግም ይጠቁራል። ስለዚህ የ«ቪ» ቅርጽ ያለው የእንጨት መደገፊያ አሠራን። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ያህል ብቻ ተከፍቶ ይተኛበታል፤ በዚያው ማዕዘን የተገጠመ መስታወት ከላይ ወርዶ ገጾቹን ያደላድላል፤ ሁለት ካሜራዎች ግራና ቀኙን በአንድ ጊዜ ያነሣሉ። መብራቶቹ ከጎን ነው የሚመጡት፤ ከፊት ለፊት ቢሆኑ መስታወቱ ያንጸባርቃል።

ካሜራዎቹ ባለ 24 ሜጋፒክሰል ናቸው፤ 6,000 በ4,000 ነጥብ ማለት ነው። የኤ4 ገጽ ፍሬሙን ሲሞላ በአንድ ኢንች ከ480 ነጥብ በላይ ይደርሰዋል። ለኤ3 ግን ወደ 340 ይወርዳል። ይህ ቁጥር ጋዜጦቹ ላይ ስንደርስ ይቸግረናል። ለላቲን ፊደል 300 ነጥብ ይበቃል ይባላል። ለእኛ ፊደል ከ400 እንዳያንስ ወስኛለሁ፤ ሸ ከሰ የሚለየው በአንዲት ቀጭን አግድም መስመር ስለሆነ መስመሯ ካልታየች ቃሉ ይለወጣል።

በ400 ነጥብ የተነሣ አንድ የኤ5 ገጽ በቀለም፣ ሳይታመቅ፣ 23 ሜጋባይት ይሆናል። ባለ 300 ገጹ መጽሐፍ ወደ 7 ጊጋባይት ይጠጋል። ለአንባቢ የሚሰጠው ፒዲኤፍ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ረዳቴ ትልቁን ፋይል ለምን እናስቀምጣለን ብሎ ተከራከረኝ። የማስቀምጠው ወረቀቱ ድጋሚ መነሣት የማይችልበት ቀን ስለሚመጣ ነው። ከታመቀ ፋይል የተጣለውን ማንም መልሶ አያገኘውም።

ጥቅምት አጋማሽ

ከየት እንጀምር? ረዳቴ ከመጀመሪያው መደርደሪያ በተራ እንሂድ ይላል። የዕቅድ ወረቀቱ በብዛት ከሚነበቡት ጀምሩ ይላል። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። በብዛት የሚነበበው መጽሐፍ ሌላም ቦታ ይገኛል፤ ነገ የሚታተምም ነው። መቅደም ያለበት የሚፈርሰውና ሌላ ቅጂ የሌለው ነው።

የሚፈርሰው ደግሞ ሁልጊዜ አሮጌው አይደለም። ብራና በአግባቡ ከተያዘ መቶ ዓመታትን ያልፋል። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ከእንጨት የተሠራ ወረቀት ግን በውስጡ አሲድ ይይዛል፤ ቀለም እንዳይሰርግበት የሚጨመርበት አሉምም አሲዱን ያባብሰዋል። ጊዜ ሲያልፍ ቃጫው ይቆራረጣል፣ ገጹ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ከዚያ በጣት ሲነካ ይሰበራል። ከመደርደሪያችን ላይ ክፉኛ የተጎዱት የ1960ዎቹ ርካሽ ወረቀት ላይ የታተሙት ናቸው፤ ከእነርሱ የሚቀድሙ የ1920ዎቹ ጥራዞች ግን ጤነኛ ናቸው።

ሌላ ቅጂ መኖሩን ለማወቅ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱንና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ካታሎግ፣ ቀጥሎም የውጭዎቹን እናያለን። አንድ የጠቀመን ነገር አለ፦ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካን ሕትመት ይሰበስባል። ከዚያ ወዲህ የወጣ መጽሐፍ ዋሽንግተን ውስጥ የመገኘት ዕድል አለው። ከዚያ በፊት የወጣውና በትንሽ ማተሚያ ቤት የታተመው ነው የሚያሳስበኝ፤ ቅድሚያ የሰጠነውም ለዚያ ነው። ይህንን መደብ ለይቶ ማውጣት ፎቶ ከማንሣቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። በዕቅዱ ወረቀት ላይ የለም።

ኅዳር መጀመሪያ

አንድ የሥራ ኃላፊ ጎበኘን። የመጻሕፍቱን ጀርባ በመቁረጫ ቆርጠን ገጾቹን በፈጣን ስካነር ብናሳልፋቸው በጥቂት ሳምንት ያልቅ እንደነበር ነገረን። እውነት ነው፤ ያልቅ ነበር፤ መጻሕፍቱም አብረው ያልቁ ነበር። በትሕትና መለስንና ወደ ሥራችን ተመለስን።

ኅዳር መጨረሻ

ገጹን ያየ ሰው ያነበዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ የምንጠቀመው ቴሰራክት በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ኤችፒ ኩባንያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ኮዱ ለሁሉም ተከፈተ፤ ከዚያ ጉግል ለዓመታት ደገፈው። አማርኛ ያነባል። በኮምፒውተር የተለቀመ ንጹሕ ጽሑፍ ሲሰጡት ጥሩ ነው። ከእርሳስ ብረት በተቀረጸ ፊደል የታተመ፣ ቀለሙ የሳሳ የ1940ዎቹ መጽሐፍ ሲሰጡት ግን ሌላ ደራሲ ይሆናል።

ችግሩ የፈራሁት ቦታ ላይ ነው። ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ከ እና ኸ የሚለያዩት ከላይ ባለች አግድም መስመር ነው። ቀለሙ እዚያ ላይ ከሳሳ «ሥራ ጀመረ» የሚለው «ሥራ ደመረ» ይሆናል። ሸማ የለበሰው ሰው ሰማ ይለብሳል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ «ደመረ»ም «ሰማ»ም ትክክለኛ ቃላት መሆናቸው ነው፤ የፊደል ስሕተት የሚያርም ፕሮግራም ምንም አያይባቸውም። ስሕተቱን የሚያየው ዐረፍተ ነገሩን የሚረዳ አንባቢ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሁለት ነጥብ ነው። የቆዩት መጻሕፍት ቃልን ከቃል የሚለዩት በባዶ ቦታ ሳይሆን በ፡ ስለሆነ ማሽኑ አንዳንዴ ነጥቦቹን እንደ ቆሻሻ ጥሎ ቃላቱን ያጣብቃል። ሦስተኛው የግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፲፱፻፳፮ን (1926 መሆኑ ነው) ፊደል አድርጎ ያነበዋል፤ እናም የመጽሐፉ ዓመት ትርጉም የሌለው ቃል ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው ማሽኑን በራሳችን ገጾች ማስተማር ሆነ። ከተለያዩ ማተሚያ ቤቶች መስመር መስመሩን እየቆረጥን፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ንባብ በእጃችን እየጻፍን ሰጠነው። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት የራሱ የፊደል ቅርጽ ስለነበረው ናሙናው ከሁሉም መምጣት ነበረበት። የትኛው ፊደል የየትኛው ማተሚያ ቤት እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ዋጋ አገኘ። ረዳቴ የማሽኑን ትምህርት በሚገባ ይዞታል፤ በእርሱ ነገር ቅሬታ የለኝም። ውጤቱ በግልጽ ተሻሽሏል፤ በሳሳው ገጽ ላይ ግን አሁንም ሸማው ሰማ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ለማረም አንሞክርም። አንባቢው የሚያየው የገጹን ፎቶ ይሆናል፤ የማሽኑ ጽሑፍ ከሥሩ ተደብቆ ለፍለጋ ብቻ ያገለግላል። በእጅ የሚታረሙት ርእስ፣ የምዕራፍ ስሞች፣ የሰውና የቦታ ስሞች ናቸው። ለዚህ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እየመጡ ያግዙናል። ከሁለታችንም ይፈጥናሉ፤ ደግሞም እያረሙ ከደራሲው ጋር ይጣላሉ።

ታኅሣሥ

ፍለጋ። ሰው ሁሉ ዲጂታል ማለት መፈለግ መቻል ነው ይላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ብቻ ስንፈልግ ያገኘነውን ልጻፍ፦ መጻሕፍት፣ መጻህፍት፣ መፃሕፍት፣ መፃህፍት፤ ሁለት ቃል ሆኖ፣ አንድ ቃል ሆኖ፣ በጭረት ተያይዞ። በዚህ ላይ «በቤተ መጻሕፍታችን»፣ «ከቤተ መጻሕፍቱ»፣ «ለየቤተ መጻሕፍቱ» አሉ። «ቤት» ብሎ የፈለገ ሰው «በቤታችን» የሚለውን ያጣዋል፤ ኮምፒውተሩ ቃሉ ከፊት በ፣ ከኋላ አችን እንደለበሰ አያውቅም።

ረዳቴ ያቀረበው መፍትሔ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መለወጥ ነበር፤ ያውም ጽሑፉን ራሱን። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የታተመውን መንካት ሥልጣናችን አይደለም። አንድ ደራሲ ፀሐይን በየትኛው ፀ እንደጻፈ ስለ ትምህርቱና ስለ ዘመኑ ይናገራል፤ ይህንን የሚያጠና ሰው ነገ ይመጣል። ስለዚህ ጽሑፉ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚለወጠው የፍለጋው ማውጫ ብቻ ነው።

ማውጫውም ቢሆን ጣጣ አለበት። ፊደሎቹን ካዋሐድናቸው በኋላ ስለ ድህነት የጠየቀ ሰው ስለ ድኅነት (መዳን ማለት ነው) የተጻፈ ስብከት ይመጣለት ጀመር። መምህሩ ይህን ሲያዩ፣ «ድሃውን ወደ ንስሐ ላካችሁት» ብለው ሳቁ። አሁን ፍለጋው ሁለት ዙር አለው። መጀመሪያ አንባቢው በጻፈው ፊደል የተገኘው ይቀርባል፤ ከእርሱ በታች ፊደሉ ተዋሕዶ የተገኘው ይከተላል። ቅጥያዎቹን የሚገፍ ትንሽ ፕሮግራም ረዳቴ ጽፏል፤ አንዳንዴ ከቅጥያው ጋር የቃሉን ሥጋ ይገፍፋል።

ጥር

የካታሎግ ወር። ብዙ የምጽፈው አለኝ።

የምንጠቀመው ኮሃ የሚባል ነጻ ሥርዓት ነው፤ ኒው ዚላንድ ውስጥ ለቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ነው። መዝገቦቹ የሚጻፉት ማርክ በሚባለው ቅርጽ ነው፤ ይህን ቅርጽ ሄንሪየት አቭራም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቀርጻዋለች። ዛሬም የዓለም ካታሎግ በአብዛኛው በእርሱ ላይ ቆሟል። መስክ 100 የደራሲ ስም ነው። ከስሙ በፊት አንዲት ቁጥር አለች፤ 0 ከሆነች የሚቀድመው የራስ ስም ነው፣ 1 ከሆነች የቤተሰብ ስም ነው። የኢትዮጵያዊ ስም 0 መሆን አለበት፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና። ከውጭ በጅምላ ያስገባናቸው መዝገቦች ግን ብዙዎቹ 1 ናቸው። ስለዚህ ሐዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ሆነው በዐ ተራ ቆመው አገኘኋቸው። አንድ አንባቢ በሐ ፈልጎ ካጣቸው መጽሐፉ የለንም ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ግን ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነው። የእንጨት መሳቢያው ውስጥ ያለው የድሮ ካርድ ስሙን በትክክል ይዞታል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው በእጁ የጻፈው ነው።

ማዕረግም አለ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአንዱ መዝገብ «ብላቴን ጌታ ኅሩይ» ተብለው በብ ይገኛሉ፣ በሌላው በኅ፣ በሦስተኛው ሀሩይ ተብለው በሀ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ እያንዳንዱ አገር በራሱ ስልት ይጽፋቸዋል። እርሳቸው ራሳቸው የመጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው ያሳተሙ ሰው ነበሩ፤ በካታሎግ ውስጥ መጥፋታቸው ያናድዳል። መፍትሔው አንድ የተወሰነ ስም መርጦ ሌሎቹን ሁሉ ወደ እርሱ የሚመራ የስም መዝገብ ማዘጋጀት ነው። ይህ በማሽን አይሠራም፤ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎችን ለመለየት የልደት ዓመትን፣ ሙያን፣ መቅድምን ማንበብ ይጠይቃል። አንዱን ስም ለመለየት አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አንዴ ከተለየ ግን ለሁሉም ቤተ መጻሕፍት ይጠቅማል።

ከዚያ ዓመቱ አለ። 1950 የሚል መጽሐፍ በእ.ኤ.አ. ከ1957 መስከረም እስከ 1958 መስከረም ያለውን ይሸፍናል። ያለ ማብራሪያ 1950 ብለን ብንልከው የዓለም ካታሎግ መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስቀድመዋል። አንድ ጥናት ማን ማንን እንደቀደመ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ እንጽፋለን፣ ከጎኑ በቅንፍ 1957/1958 እንጨምራለን። የውጭ ደራሲ ከሆነ ወይም መጽሐፉ ውጭ አገር ከታተመ 1950 በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በይዘቱ መፍረድ ይጠበቅብናል። ረዳቴ መጽሐፉ ውስጥ የተጠቀሰ አንድ ክስተት አግኝቶ ራሱ የፈረደበት ቀን ነበር። ደስ አለው፤ እኔንም ደስ አለኝ።

ለካታሎጉ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ሰጣችሁ ተብለን ተጠይቀናል። ምሳሌ የሰጠሁት የአገራችንን የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም (ገጾቹ አንሰው የተነሡበት ፊልም) ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ሥራ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ያን ጊዜ አዲሱ ቴክኖሎጂ ፊልም ነበር። ፊልሙ ለዓለም ተመራማሪ የሚሠራ የሆነው ግን ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገጽ በገጽ አንብበው እያንዳንዱ ጥራዝ ምን እንደያዘ በካታሎግ ስለጻፉ ነው። ካታሎጎቹ በቅጽ በቅጽ እየወጡ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጁ። ፊልሙ ዛሬ ወደ ዲጂታል ተለውጧል፤ የእነርሱ ገለጻ ግን አሁንም ያው ነው የሚነበበው።

የካቲት

አንድ የማተሚያ ቤት ባለሙያ የቆዩ ፍሎፒ ዲስኮች በካርቶን አመጡልን፤ የ1980ዎቹ መጻሕፍት የተለቀሙበት የኮምፒውተር ፋይል ነው። ረዳቴ ፎቶ ከማንሣት ተገላገልን ብሎ ተደሰተ። አንባቢ መሣሪያ ፈልገን አገኘን፤ ከዲስኮቹ ገሚሱ አይከፈትም። የተከፈቱትም ጽሑፋቸው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ መጣ።

ምክንያቱ ይታወቃል። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር አሰጣጥ) የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ ምርጫ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ፕሮግራሙና የፊደል ቅርጹ ከሌሉ ፋይሉ ዝም ይላል። ከእነዚህ ፋይሎች የታተሙት መጻሕፍት ግን መደርደሪያችን ላይ አሉ፤ ማንም አንሥቶ ያነባቸዋል። የአንዱን ፕሮግራም ሠንጠረዥ ፊደል በፊደል ፈተን ጥቂት ፋይሎች መልሰናል፤ የፈታነውም የታተመውን መጽሐፍ ከጎን አስቀምጠን ነው።

የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1986 እ.ኤ.አ. ያጋጠመውም ከዚህ ይዛመዳል። በ1086 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀውን የእንግሊዝ የርስት መዝገብ 900ኛ ዓመት ለማክበር የአገሪቱን ሕይወት በሌዘር ዲስክ መዘገበ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ብርቅ ሆነና ባለሙያዎች ለማዳን ተረባረቡ። በብራና የተጻፈው የ900 ዓመቱ መዝገብ ግን እንደተነበበ ነው።

መጋቢት መጀመሪያ

ስለዚህ ጥበቃ። ዋናው ፋይል ሦስት ቅጂ አለው፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ ሦስተኛው በሌላ ሕንፃ። ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ-256 በሚባለው ስልት የጣት አሻራ የሚመስል ቁጥር ይሰላል፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ይለያል። ፕሮግራሙ በየወሩ ሁሉንም ያሰላል፣ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራል። የተለየ ካለ ከጤነኛው ቅጂ ይተካል። በዚህ ወር አንድ ሃርድ ዲስክ ምንም ምልክት ሳያሳይ ጥቂት ፋይሎችን አበላሽቶ አገኘነው፤ ተተኩ።

መጽሐፍ አቧራ ቢጠርጉለትና ዝናብ ባያገኘው ሃምሳ ዓመት ሳይነካ ይቆያል። ፋይል ሃምሳ ዓመት ሳይነካ አይቆይም። ጠባቂው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መሆን አለበት ብዬ በሪፖርቱ ላይ አስምሬ ጽፌአለሁ።

መጋቢት መጨረሻ

መብት። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መስከረም በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ፤ የእርሳቸውን መክፈት እንችላለን። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ስለሆነ ሥራቸው ገና ለረጅም ዓመታት የተጠበቀ ነው። አዋጁ ለቤተ መጻሕፍት በተወሰነ ሁኔታ ለጥበቃ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል፤ ለሁሉም በኢንተርኔት መልቀቅ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ አዝራር የሚያቀላቅል ሰው ቤተ መጻሕፍቱን ለክስ ይዳርጋል።

አስቸጋሪዎቹ በመካከል ያሉት ናቸው፤ ደራሲው መቼ እንዳረፈ፣ ወራሽ እንዳለው የማይታወቅ። እነዚህን በአዳራሹ ውስጥ ባሉት ኮምፒውተሮች ብቻ እንዲነበቡ አድርገናል። አዳራሹ ለስብሰባ ይውላል የተባለው እንግዲህ ይህንን ይጨምራል።

የሚገዛው ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍም ይነሣ። የወረቀት መጽሐፍ ከገዛን የእኛ ነው፤ እስኪያልቅ እናውሰዋለን። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥልን ሳይሆን የሚፈቀድልን ነው። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ በ2011 እ.ኤ.አ. ለቤተ መጻሕፍት የሰጠው ፈቃድ ከ26 ውሰት በኋላ የሚያልቅ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን በመብት ክርክር ምክንያት የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት ሥራዎች ከገዢዎች ኪንድል (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) ላይ በሩቅ ሰርዞ ገንዘባቸውን መለሰ። ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት አብረው ጠፉ፤ እርሱም ገንዘብ መለሰ። ገንዘቡ ይመለስ። ካታሎጌ ውስጥ ትናንት የነበረ መጽሐፍ ዛሬ የለም ብዬ ለአንባቢ ማስረዳት ግን አልፈልግም። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክ ውል ሲመጣ የምጠይቀው መጀመሪያ ፋይሉን ማስቀመጥ እንችላለን ወይ ነው፤ ዋጋው ሁለተኛ ነው።

ሚያዝያ

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዝርዝር ይዛ መጣች። የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራች ነው፤ ዝርዝሩን የሰጣት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ነው። ደራሲ፣ ርእስ፣ ዓመት፣ ገጽ ሳይቀር አለው። ደራሲዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከርእሶቹ ገሚሱን ግን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። በእኛ ካታሎግ፣ በሌሎች አገር ውስጥ ካታሎጎች፣ በውጭዎቹ ፈለግን። የሉም። አልተጻፉም።

ረዳቴ ለተማሪዋ ያስረዳት ከእኔ ይሻላል። ፕሮግራሙ ካታሎግ እየከፈተ አያይም፤ ካነበበው ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚመስለውን ቃል ያስቀምጣል። አንድ የታሪክ ጸሐፊ ስለ ጋዜጣ ሊጽፍ የሚችለውን ርእስ መገመት ለእርሱ ቀላል ነው። በአማርኛ ያነበበው ጥቂት ስለሆነ ደግሞ ክፍተቱን በግምት የሚሞላበት ቦታ ይበዛል። እኛ የምናስገባው መጽሐፍ ያንን ክፍተት ይቀንሰው ይሆናል። እስከዚያው ግን የሌለ መጽሐፍ ፍለጋ ላይ የምናጠፋው ጊዜ አዲስ የሥራ ዘርፍ ሆኗል፤ «የለም» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር «አለ» ከማለት ይከብዳል።

ተማሪዋን ባዶ እጇን አልሸኘናትም። ለርእሷ የሚሆኑ ጥራዞች አውጥተን ሰጠናት። አብዛኞቹ ገና ካሜራው ሥር ያልገቡ ናቸው፤ የትኛውም ፍለጋ አያመጣቸውም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ስትገልጥ ሁለቱ ከገጽ ጠርዝ መፈርፈር ጀመሩ። የቅድሚያ ዝርዝሩ ውስጥ ወደ ላይ ከፍ አድርጌአቸዋለሁ።

ግንቦት

የመጀመሪያው ስብስብ ተከፍቷል፤ የመብት ዘመናቸው ያለቀውና ካታሎጋቸው የተጣራው ብቻ። ረዳቴ አሁን የስም መዝገቡን ይዟል፤ እኔ የፋይል ምርመራውን ተምሬ በየወሩ እኔ ነኝ የማካሂደው። ሥራ ተለዋወጥን ብሎ ይቀልዳል። ስለ እኔ ወደፊት ሥራ ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሌላ ሰው እንዲቀጠር የጻፍነውን ደብዳቤ ግን አብረን ፈርመናል።

ከአንባቢዎች የመጣው ቅሬታ በአብዛኛው ሦስት ነው። ፍለጋው «የለም» ሲል መጽሐፉ እንደሌለ ይሁን ገና እንዳልገባ አይናገርም፤ ልክ ናቸው፣ «መደርደሪያ ላይ አለ፣ ገና አልተነሣም» የሚል መልስ እየጨመርን ነው። በስልክ ሲከፈት ገጹ ይዘገያል፤ ይህም የምስሉን መጠን በሦስት ደረጃ በማዘጋጀት ይስተካከላል። ሦስተኛው የወረቀቱ መጽሐፍ እንዳይወሰድባቸው ነው። አይወሰድም። የተነሣው መጽሐፍ አሲድ በማይዝ ሣጥን ገብቶ ቦታው ላይ ይቆያል፤ የማሽኑን ንባብ የተጠራጠረ ሁሉ መጥቶ ያያል።

የሚቀጥለው ጋዜጣ ነው። ካሜራችን ለኤ3 የሚሰጠው 340 ነጥብ ከወሰንኩት 400 በታች ስለሆነ እያንዳንዱን ገጽ ላይና ታች በሁለት ፎቶ አንሥተን እንገጥመዋለን። መደገፊያው ለዚህ ይጠባል፤ አናጢው ሰፊና ጠፍጣፋ አድርጎ ሌላ እንዲሠራ ልኬቱን ሰጥተነዋል። እስኪደርስ ድረስ የጎደሉ እትሞችን በዓመትና በቁጥር እየለየን ነው። የአንዱ ጋዜጣ የ1953 የመጀመሪያ ወራት ሙሉ በሙሉ የለንም፤ ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ጥያቄ ልከናል።